የሰው ፓስፖርት የሞላበት ኮምፒውተር

ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ከፍታችሁ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ብትቀየሙኝም ልናገር።

ኮምፒውተራችሁ ስላረጀ አልወቅሳችሁም። ዶላሩ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ ግዙ የሚላችሁ ሰው መጀመሪያ የሱቅ ኪራያችሁን ይክፈልላችሁ። እኔን የሚያናድደኝ ስክሪኑ ላይ የማየው ነገር ነው። የማላውቀው ሰው ፓስፖርት። የአንዱ የቤት ካርታ። የሌላዋ የሕክምና ወረቀት፣ ከነስሟ።

«በቴሌግራም ላክልኝ» ትላላችሁ፤ እንልካለን፤ ታትማላችሁ። ፋይሉ ግን ዳውንሎድ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባለው ፎልደር ተጠራቅሞ ይከርማል። ወረፋ ሲበዛ ደግሞ «ራስህ ፈልገው» ብላችሁ ማውሱን ለደንበኛ ትሰጣላችሁ። እሱም የራሱን እስኪያገኝ የሁላችንንም ገበና ሲያገላብጥ ይቆያል። ማታ ከመዝጋታችሁ በፊት ያንን ፎልደርና ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ማድረግ ስንት ብር ያስወጣል? እስቲ ንገሩኝ።

የፍላሹ ነገርማ አይነሳ። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲመጣ «ፍላሽህ ቫይረስ አለበት» ብላችሁ ደንበኛውን ትቆጣላችሁ። ከየት ያመጣው ይመስላችኋል? ትናንት እናንተው ጋ ሰክቶት ነበር'ኮ! የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። የእናንተ ማሽን ከታመመ ሰፈሩ ሁሉ ይታመማል።

ዊንዶውሱን የጫነላችሁ ልጅ ክራኩን፣ ማለትም ዊንዶውሱን ሳይከፈልበት የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ለማስገባት ሲል አንቲቫይረሱን «ለጊዜው» አጥፍቶታል። ያ ጊዜው እስከ ዛሬ አላለቀም። ዊንዶውስ 10 ላይ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ በነፃ አብሮ ይመጣል፤ አብሩት። ዊንዶውስ 10 ራሱ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ግን እስከ ኦክቶበር 2028 መታደሱን እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። ፍላሽ ሲመጣ ከመክፈታችሁ በፊት ስካን አድርጉ። ለሠራተኛችሁም አድሚን ያልሆነ፣ እንደ ልቡ ፕሮግራም መጫን የማይችልበት አካውንት ክፈቱለት። ሁሉም ነፃ ነው።

አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እሱ ከ2020 ጀምሮ ባለቤት የለውም። ክሮም እንኳ በ2023 ትቶታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ፋይል ሲቆልፍ፣ ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተበሉት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው፤ አብዛኞቹም ዊንዶውስ 7 ነበራቸው። ስለዚህ ያንን ማሽን ከኢንተርኔት ንቀሉት። ይጻፍበት፣ ይታተምበት፣ በቃ። ቴሌግራሙን ሻል ባለው ላይ አድርጉት፤ ፍላሹም መጀመሪያ እዚያ ይፈተሽ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ነፃ ነው፤ አሮጌ ማሽን ላይም ይሠራል። እኔ ግን ለጽሕፈት ቤት ብዙም አልገፋበትም። የደንበኛው የዎርድ ፋይል ተዘበራርቆ ሲወጣ ጣጣው የእናንተ ነው።

ወጪ ካለ አንድ ነው፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። የራሳችሁን ዲዛይንና ሒሳብ በየሳምንቱ ገልብጣችሁ ንቀሉትና ቤት ውሰዱት። እንደተሰካ ከዋለ ቫይረሱ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል።

እኛም ደንበኞች ከነገሩ ነፃ አይደለንም። ፓስፖርታችንን ልከን፣ አሳትመን፣ ዞር ሳንል እንሄዳለን። ቴሌግራም ላይ የላካችሁትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ትችላላችሁ። አንዴ ኮምፒውተሩ ላይ የወረደው ግን በዚያ አይጠፋም። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «ወንድሜ፣ አጥፋልኝ» በሉት፤ ሲያጠፋም ቆማችሁ እዩ።