ግማሽ ደንበኞቼ ዓሣ ናቸው

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ አንድ ካርቶን ዘይትና ሁለት ካርቶን ሳሙና ይላኩልኝ እስቲ። ማዶ ነኝ፤ ሰፈራችሁ ፊት ለፊት ይታየኛል። አሥር ደቂቃ ናት!»

ይታየኛል! ጨረቃም ትታየኛለች። መንገድ በዓይን እንደሚለካ ሰው የሚያቃጥለኝ የለም። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀልባዎቹ ደግሞ ጉማሬ ሊያሳዩ እንጂ ዘይት ሊያደርሱ አይወጡም። ስለዚህ በደቡብ በኩል፣ በዶሬ ባፋኖ መዞር ነው። ባጃጅ ጠርቼ ቦታውን ብነግረው ልጁ ሐይቁን አየት አደረገና «አባቴ፣ ይቺን አንዴ ይጠጡልኝና በአቋራጭ ልሂድ» አለኝ።

ጥፋቱ ግን የደላላው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ይቺን ሱቅ ሲያከራየኝ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ነጥብ አድርጎ ክብ ሣለባት። «ዙሪያህን ያለ ሰው ሁሉ ያንተ ነው!» የክቡ ግማሽ ውሃ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ቆሮሶ ሳሙና አይገዛም። አምባዛ ዱቤ አይከፍልም (በዚህስ ከሰፈሬ ሰው አይለይም)። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚሉት ተረት ነፍሴ ነው፤ እኔን ግን ውሃው አልነካኝም፣ እያሳሳቀ የወሰደኝ ደላላው ነው። ኮሚሽኑን ከእኔም ከአከራዩም በልቶ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ገበያ እንዴት ነው?» ይለኛል። ሰው እንዴት አያፍርም!

ዊልያም ራይሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1931 እ.ኤ.አ. ነገሩን በቀመር አስቀምጦታል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የገበያው ሰው የመሳብ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ርቀት ሲል የመኪናውን መንገድ ነው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቁጭ ብሎ እንደ አሞራ ለሚያስብ ደላላ ይሄ አይገባውም።

የማዶው ባለሱቅ ግን ሳይማር ገብቶታል። ዘይቱን ከእኔ አስወድዶ ይሸጣል፤ ማን ሐይቅ ዞሮ ይመጣበታል? እኔ ለዘበኛ እከፍላለሁ፣ እሱን ሐይቁ በነፃ ይጠብቀዋል።

ግንቦት 2016 ላይ ባሕር ዳሮች 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅላቸው እዚህ ሆኜ ቀናሁ። ድልድይ እኮ ሱቅህን ሳታነቃንቅ ሰፈር የሚለውጥልህ ነገር ነው። የእኛን በ380 ሜትር ብንጀምረው ጉማሬዎቹ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ካርቶኖቹ? አዎ፣ ባጃጁ ላይ ጭነን ሒሳብ ስንከራከር ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «ጋሼ፣ በቃ ይተዉት፤ እዚሁ ገዛሁ። ትንሽ ተወደደብኝ እንጂ…»

ባለባጃጁ የቆምኩበት ብሎ 50 ብር ጠየቀኝ።