9 ጊዜ ጠልቆ «አድቫንስድ»?

ባለፈው ወር ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ፣ አንድ የዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ታዝሎ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ማእከል ውስጥ የሰማሁት ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። የሄድኩት ቲስልጎርምን ለማየት ነበር፤ በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ ቀይ ባሕር ውስጥ የሰመጠችውን የእንግሊዝ ጭነት መርከብ። የተኛችበት 30 ሜትር ገደማ ነው። የጠለቅኩበትን ሁሉ የመዘገብኩበትን ደብተር አወጣሁ፤ 63 ጊዜ። የማእከሉ ሠራተኛ፣ አንድ ልጅ፣ ገልጦ እንኳ አላየውም። «አድቫንስድ ካርድ ከሌለህ አይቻልም። ለራስህ ደኅንነት ነው» አለኝ። ከመጀመሪያው የጠላቂ ካርድ ቀጥሎ ያለውን ማለቱ ነው።

ይሁን ብዬ ልወጣ ስል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኮርሱን እዚሁ በ2 ቀን ትጨርሳለህ። ቲስልጎርምም እንደ አንድ ትምህርት ይቆጠርልሃል።»

ያችው መርከብ፣ ያው ጥልቀት፣ ያው እኔ። ካልከፈልኩ አደጋ፣ ከከፈልኩ ትምህርት! አስተማሪ አብሮህ ስለሚወርድ ነው ይሉኛል። ሳልማርም እኮ አስጎብኚ አብሮኝ ይወርዳል።

ደግሞ ስሙ። አድቫንስድ ማለት የላቀ ማለት ነው አይደል? ካርዱን በሚሰጠው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት፣ በፓዲ፣ ደንብ 5 ጊዜ መጥለቅ ይበቃል። ጥልቅ ውኃና አቅጣጫ መያዝ ግዴታ ናቸው። ሦስቱን አንተ ትመርጣለህ፤ ካሻህ ዓሣ መለየት፣ ካሻህ ፎቶ ማንሳት። ከዚያ በፊት ለመጀመሪያው ካርድ ባሕር የገባኸው 4 ጊዜ ነው። ስለዚህ በዕድሜው 9 ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው «የላቀ» ይባላል። መንጃ ፈቃድ ባወጣ በሳምንቱ ተሳቢ እንደማስረከብ ነው። ሌላው ማሠልጠኛ ድርጅት ኤስኤስአይ እንኳ ይህን ስም ለመስጠት 24 ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል።

ባሕር ውስጥ የሚያድነው ካርድ ሳይሆን አተነፋፈስ ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው 4 እጥፍ ነው፤ አየሩም በ4 እጥፍ ያልቃል። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ለመጠባበቂያ 50 ባር ስትተው 1,800 ይቀርሃል። ከውኃው በላይ ተረጋግቶ በደቂቃ 15 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ታች 60 ይፈጃል፤ ግማሽ ሰዓት ያቆየዋል። እጁን የሚያወናጭፍ ጀማሪ 25 ቢተነፍስ ታች 100 ይፈጃል። በ18 ደቂቃ አለቀ! እኔም ለ10ኛ ጊዜ ስጠልቅ አካባቢ የአየር መለኪያው ቀስት ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ይብስ አለከልክ ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ መንሳፈፍ የለመድኩት 40 ጊዜ ከጠለቅኩ በኋላ ነው። ይህን በ2 ቀን የሚሸጥ ሰው ካለ አሳዩኝ።

አዎ፣ ጥልቅ ውኃን መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ማየት ጥሩ ነው። እታች ናይትሮጅኑ እንደ ጠጅ አናት ላይ ይወጣል፤ ቀልድ አይደለም። ለዚያ ግን አንድ ቀን ይውሰዱኝና ይፈትኑኝ፣ ዋጋውንም እከፍላለሁ። የዓሣ ስም እያስጠኑ ደኅንነት ነው አይበሉኝ።

ካርዱ ላይ መጻፍ ካለባቸው ባለቤቱ ስንት ጊዜ እንደጠለቀ ይጻፉበት። የእኔ 63 ነው። ልጁ ደብተሩን ቢገልጠው ኖሮ ያየው ነበር።