አድስልኝ፣ ግን አዲስ እንዳታደርገው

የልጅነት ጌጡን ለማስጠገን ወርቅ ሠሪ ጋ የሚሄድ ሰው ከሩቁ ያስታውቃል። ጌጡ በሶፍት ተጠቅልሏል፣ ሶፍቱ በፌስታል፣ ፌስታሉ ኪስ ውስጥ ነው፣ እጁ ደግሞ ኪሱን እየጠበቀ ነው። ሲፈታው የሚወጣው ግን ትንሿ ጣት ላይ እንኳ የማይገባ ቀለበት ወይም መቆለፊያው የጠፋ ሐብል ነው። ከዚያ ታሪኩ ይጀመራላ! ማን እንደገዛው፣ መቼ እንደተደረገ፣ እህት በቅናት ስትጎትተው እንዴት እንደተበጠሰ (እህትየው ብትጠየቅ ዕቃው የሷ ነበር)። ወርቅ ሠሪው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። እውነት ለመናገር አይሰማም፤ በማጉያ መነጽሩ ማኅተም እየፈለገ ነው። 925 ካለ ብር ነው፣ 750 ካለ 18 ካራት ወርቅ። ሁለቱም ከሌሉ ዝም ይላል።

«ቅብ ሳይሆን አይቀርም» ይላል ቆይቶ።

«እንዴት ቅብ ይሆናል? አያቴ እኮ ናት የሰጠችኝ!»

አያት የሰጠችው ነገር ካራት የሚጨምር ይመስል።

እዚህ ከመደረሱ በፊት ደግሞ የቤት ሕክምናው አለ። አንደኛው መድኃኒት የጥርስ ሳሙና ነው። ማን እንዳዘዘው አይታወቅም፣ ግን ሁሉም ያዛል። ሳሙናው ውስጥ ያለው ብናኝ ብሩን ይጭረዋል፤ ቅብ ከሆነማ ቅቡን ልጦ ይወስደዋል። ብር የሚጠቁረው እኮ አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ስለሚዋሃድ ነው። አሉሚኒየም ፎይል ላይ አስቀምጦ ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ቢያፈሱበት ጥቁረቱ ሳይፋቅ ይለቃል። ችግሩ፣ ይህን የሰማ ሰው ሉሉንም፣ በማስቲሽ የተለጠፈውን ፈርጥም አንድ ላይ ይዘፈዝፍና ፈርጡን ከነሶዳው ወደ ቧንቧ ይደፋዋል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ሬዲዮ የሚበይደው የአክስት ልጅ ነው። «ለዚህማ ምን ወርቅ ሠሪ ያስፈልጋል!» ብሎ የተበጠሰችውን ሰንሰለት በእርሳስ ጠብ ያደርግባታል። ብር በወጉ ሲበየድ ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት ያ እርሳስ ብሩ ውስጥ እየሰረገ ይበላዋል። ስለዚህ ወርቅ ሠሪው እሳት ከማስነሳቱ በፊት ያቺን ግራጫ እብጠት ፍቆ መጨረስ አለበት።

«ማነው የነካካው?»

«ኧረ ማንም!»

ደግነቱ ብዙው ጌጥ ይድናል። መቆለፊያ ይቀየራል፣ ሰንሰለት ይቀጠላል፣ ቀለበትም ተቆርጦ ቁራጭ ይገባበትና ይሰፋል። በጣም ጠባብ ከሆነ ግን ግማሹ አዲስ ከሚሆን በሰንሰለት አንገት ላይ ቢንጠለጠል ይሻላል ባይ ነኝ። ጣጣው የሚመጣው ሥራው ሲያምር ነው። ወርቅ ሠሪው ጎንበስ ብሎ ጭረቱን ሞርዶ፣ ቅርጹ ውስጥ የተኛውን ጥቁረት ሳይቀር አውጥቶ፣ ወልውሎ ያስረክባል። (ያ ጥቁረት ነው እንግዲህ አበባውን አበባ የሚያስመስለው፤ «እሱን ተወው» ብሎ ቀድሞ መናገር ነበር።) ባለቤቱ ቀለበቱን ያገላብጣል። እንደገና ያገላብጣል። ፊቱ ይለዋወጣል።

«እዚህ ጋ የጥርሴ ምልክት ነበር እኮ! ልጅ ሆኜ የነከስኩት!»

«አስተካከልኩልህ።»

«ማን አስተካክል አለህ? መልስልኝ!»

ወርቅ ሠሪው መነጽሩን ያወልቃል።

«ወንድሜ፣ ጥርስ አለህ አይደል? ንከሰው።»