እርማት፦ ማር ቢፈላም ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም

ሰላም የደሴ ልጆች፣ ማር ስለሚገባበት የዝንጅብልና ሎሚ መጠጥ ብዙ ሰው «ጉንፋን ለያዘው ጨቅላም ይሆናል፣ ማሩ አብሮ ከፈላ ምንም አያደርግም» እያለ ነው። ለልጆቹ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ልክ አይደለም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ሰውነት የሚያዝል ከባድ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለት እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየው፣ ሊኖር ይችላል፣ እሱን ለመግደል በግፊት 121 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ ደሴ ደግሞ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ድስቱ ቢንተከተክም ስፖሩ አይሞትም።

እኛ ትልልቆቹ አንጀታችን ይቋቋመዋል፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲመጣ ዝንጅብሉን ቀጥቅጠን ሎሚ ጨምቀን ሚጥሚጣ ቆንጠር አድርገን እንጠጣ፣ እኔም ማታ ማታ አልቀርም። ሕፃን ግን በሽታው ከያዘው ሆዱ ይደርቃል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይሰልላል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ትንፋሽ እስከማጠር ይደርሳል፤ እንዲህ ካያችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት።

ማረጋገጥ የፈለገ ልጁን የሚያስከትብበት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከ1 ዓመት በፊት ማር አትስጡ ነው የሚለው። እስከ 6 ወር ደግሞ የእናት ጡት ብቻ። ሼር ያደረጋችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ የማሩን ነገር አስተካክሉት።