«ራሱ ፈልጎ ነው» አትበሉን

በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድሮች ላይ ደጋግሜ የሰማሁት ሰበብ አለ። ፈረሱ ጉሉኮስ ተሰክቶለት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጋላቢው አጠገቡ ሆኖ ላገኘው ሁሉ ያስረዳል። «እኔ አልገፋሁትም። ራሱ ፈልጎ ነው። ልያዘው ብል እምቢ አለኝ።»

እየዋሸ አይደለም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ርቀቱ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በዙር ይከፈላል፤ በየዙሩ መጨረሻ የእንስሳት ሐኪሞች ኬላ አለ። እዚያ የፈረሱ ልብ ይለካል። በብዙ ውድድሮች ምቱ በተፈቀደው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ በደቂቃ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ከዚያ ሐኪሙ ድዱን ያያል። ቆዳውን ቆንጥጦ ይለቃል። የአንጀቱን ድምፅ ያዳምጣል። በሶምሶማ አስሮጦ ያነክስ እንደሆነ ይመለከታል። ያላለፈ ከውድድሩ ይወጣል። አንደኛ የገባ ፈረስ እንኳ የመጨረሻውን ምርመራ ካላለፈ አላሸነፈም።

በዚህ ሁሉ ላይ እሳት የላሰ ፈረስ ጨምሩበት።

የእኔዋ ዳማ ባዝራ እንዲያ ነበረች። መነሻው ላይ ሌሎች ፈረሶችን ስታይ ጆሮዋ ይቀሰራል፣ መሬቱን ትቆፍራለች፣ ገና ሳንነሳ አንገቷ በላብ ይርሳል። በመጀመሪያው የ160 ኪሎ ሜትር ውድድራችን ከፊተኞቹ ጋር አብሬ አስነሳኋት። ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ዛብ ስጎትት ክንዴ ዛለ። አፌ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። ልቤ ግን ደስ ብሎታል፤ ልዋሽ አልችልም። እንዲህ ያለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ከፊተኞቹ ጋር መሄድ ሰውን ያሰክራል።

መጀመሪያው ኬላ ላይ ልቧ አልወርድ አለ። እዚህ ጋ አንድ ደንብ ልብ በሉ። ሰዓቱ የሚቆመው ኬላው ጋ ስትደርሱ አይደለም፤ የፈረሱ ልብ ወደተፈቀደው ልክ ሲወርድ ነው። ስለዚህ በግልቢያ ያተረፍኳት ደቂቃ ሁሉ ውሃ ሳፈስባት እዚያው አለቀች። ከኋላችን ረጋ ብለው የመጡ ሰዎች ቀድመውን ወጡ። ያኔ መባነን ነበረብኝ። አልባነንኩም። 92ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሐኪሟ ማዳመጫዋን ባዝራዋ ሆድ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። አንጀቷ ዝም ብሏል። ወጣን።

ባዝራዋ ግን ሌሎቹ ሲነሱ እያየች ታሽካካለች። ገመዱን እየሳበች ወደ መንገዱ ልትሄድ ትታገላለች። ሆዷ ሥራ አቁሞ፣ ልቧ ከልክ በላይ እየመታ፣ አሁንም መሄድ ትፈልጋለች። እኔም ላገኘሁት ሰው ሁሉ ምን አልኩ? «እኔ አልገፋኋትም…»

ወኔያም ፈረስ ድካሙን አይነግራችሁም። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ጓደኞቹ ሲሮጡ መቅረት ለእሱ አደጋ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው የመሸሽ ጥሪ ከድካሙ ይበልጣል። ሌላም አለ። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ ይልቅ ጨው የበዛበት ነው። በሙቀት ጠንክሮ ሲሠራ በሰዓት ከ10 ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። ውሃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ ደሙ ብዙም አይወፍርም፤ ስለዚህ «ጠምቶሃል» የሚለው ምልክት ለአንጎሉ በደንብ አይደርስም። ውሃ የጎደለው ፈረስ ባልዲውን አሽትቶ ይመለሳል። ጋላቢውም «አልጠማውም» ብሎ ይሄዳል።

በልምምድ ጊዜም ያው ነው። ልብና ጡንቻ በጥቂት ወራት ይጠነክራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ከዓመት በላይ ይፈልጋሉ። ወኔው ያለበት ፈረስ በስድስት ወር «ዝግጁ ነኝ» ይላችኋል። ልቡ እውነቱን ነው። እግሩ ገና ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1892 የጀርመን መኮንኖች ከበርሊን ወደ ቪየና፣ የኦስትሪያና ሀንጋሪ መኮንኖች ደግሞ ከቪየና ወደ በርሊን ጋለቡ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አሸናፊው ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ገባ፤ ፈረሱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሌሎች ብዙ ፈረሶችም አለቁ። የዛሬዎቹ ኬላዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ትምህርት የመጡ ናቸው። ግን ኬላ ሁሉንም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ትራዮን ውስጥ በተካሄደው የዓለም የፈረስ ስፖርት ጨዋታዎች ላይ የረጅም ርቀቱ ውድድር በሙቀትና በወበቅ ምክንያት መሐል ላይ ተቋርጧል። በርካታ ፈረሶች ታክመዋል። እነዚያ የዓለም ምርጥ ጋላቢዎችና የዓለም ምርጥ ፈረሶች ነበሩ። መሄድ የማይፈልግ ፈረስ እዚያ ድረስ አይመጣም።

ስለዚህ አስተያየቴ ይህ ነው፦ የፈረሱ ፍላጎት እንደ ማስረጃ መቆጠሩ ይቅር። በስፖርቱ ደንብ ብቻ ሳይሆን በእኛ በጋላቢዎቹ ወሬም ውስጥ። ልቡ ስንት መታ፣ ጠጣ ወይ፣ በላ ወይ፣ ሸና ወይ፣ የሽንቱስ ቀለም ምን ይመስላል፣ እነዚህ ናቸው የሚጠየቁት። «ገና ብዙ ጉልበት አለው» የሚለው ስሜት ነው፤ ያውም የእኛ ስሜት።

ሽልማቱም ይስተካከል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚካሄደው ቴቪስ ካፕ የተባለ ውድድር አለ፤ 160 ኪሎ ሜትር ተራራና ገደል በ24 ሰዓት። ብዙ ጊዜ ከተነሱት ግማሽ ያህሉ አይጨርሱም። እዚያ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ፈረሶች መካከል በተሻለ ይዞታ ላይ ላለው የሚሰጥ ሃጊን ካፕ የተባለ ሌላ ዋንጫ አለ። ብዙ የቆዩ ጋላቢዎች ከአንደኝነቱ ይልቅ እሱን እንደሚመኙ ይናገራሉ። ሌላ ቦታም እንዲህ ያለ ሽልማት አይጠፋም። ግን ዳር ላይ ነው፤ ፎቶው፣ ገንዘቡ፣ ጭብጨባው ለፈጣኑ ነው። እኔ ብጠየቅ አገላብጠዋለሁ። ትልቁ ዋንጫ በማግስቱ ጠዋት ተመርምሮ «ዛሬም መሄድ ይችላል» ለተባለው ፈረስ ይሁን።

«ውድድር ውድድር ነው፤ ፍጥነት ካልተሸለመ ሽርሽር ሆነ» የሚሉኝ አሉ። ይገባኛል። እኔም ፍጥነት እወዳለሁ። ግን በጠፍጣፋ መንገድ ሽምጥ መጋለብ የሚፈልግ ሌላ ስፖርት አለለት። የዚህኛው ጥያቄ ፈረሱ ምን ያህል ይሮጣል የሚል አልነበረም። ጋላቢው ፈረሱን ምን ያህል ያውቀዋል የሚል ነው።

እሳት የላሰ ፈረስ ያላችሁ ደግሞ፣ አትሽጡት። ዛብ መጎተቱን ግን ተዉት። በጎተታችሁ ቁጥር የሚደገፍበት ነገር ትሰጡታላችሁ፤ በጉልበት ደግሞ አትችሉትም። ይዞ መልቀቅ፣ ይዞ መልቀቅ ነው። ልምምድ ላይ ሌላ ፈረስ አልፎት እንዲሄድ አድርጉና እሱ በእርምጃ ይቅር። ይህን መቶ ጊዜ አድርጉት። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ከኩሬም ከጅረትም እንዲጠጣ አስለምዱት። ቁልቁለት ላይ ወርዳችሁ በእግር ምሩት። ለጀርባው እረፍት ነው፣ ለእናንተም ጉልበት። የልብ መለኪያ ካላችሁ፣ ምቱ ከ150 ወይም 160 በላይ ሲቆይ ፈረሱ የማይተካ ጉልበቱን እየበላ እንደሆነ እወቁ። ከሁሉም በላይ ግን ከቡድኑ ጋር አትነሱ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እንዲያደርስ መጀመሪያ ይርፈድበት።

በሚቀጥለው ዓመት እኔና ዳማዋ ወደዚያው ውድድር ተመለስን። መነሻው ሲጮህ እኛ ከዛፍ ጀርባ ነበርን። ሳር አቀረብኩላት፤ አልበላችም። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። አቧራው ሰክኖ፣ የኮቴው ድምፅ ጠፍቶ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን በእርምጃ አወጣኋት። አንገቷን አዙራ አየችኝ። እስከ አራተኛው ኬላ ድረስ ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም። 22 ሰዓት ከምናምን ፈጅቶብን ከመጨረሻዎቹ መካከል ሆነን ገባን። ልቧ በአራት ደቂቃ ውስጥ 56 ላይ ወረደ፤ ሐኪሟ ማዳመጫዋን ሳታነሳ ባዝራዋ የሐኪሟን ኪስ ማሽተት ጀመረች።