አናጢው እና ቧንቧችን

ማክሰኞ ማታ ነው። ባለቤቴ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ድንገት ቀና ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። በ11 ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ የምታየኝ ደመወዝ ሲዘገይ ብቻ ነው።

«እሱ እኮ ሳትለምነው ነው በረንዳዋን የጠገነላት» አለች።

«ማነው እሱ?»

«አናጢው!»

አናጢው ልቦለድ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ይኖራል። ዳማ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ውሻ አለው፣ ብዙ አያወራም። የማያወራውም ልቡ ስለቆሰለ ነው። (እኔ ዝም ስል ግን «ደሞ አኮረፍክ?» ነው የምባለው።) አንዲት ሴት ሥራዋንም እጮኛዋንም ባንድ ሳምንት አጥታ ከኒውዮርክ ትመጣለች። አያቷ ያወረሷት ቤት አለ። ጣራው ያፈሳል። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ማወቃችሁ ደግሞ ችግር የለውም፤ የሚሸጥላችሁ እሱ ነው። በፍቅር ልቦለድ ገበያ መጨረሻው ደስ ማሰኘት አለበት፤ አለበለዚያ አንባቢዋ እንደተጭበረበረች ነው የምትቆጥረው። የፍቅር ልቦለድ አሳታሚው ሚልስ ኤንድ ቡን ለንደን ላይ በ1908 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ሃርለኩዊን የሚባለው ሌላው አሳታሚ በ1949 እ.ኤ.አ. ካናዳ ዊኒፔግ ተከፈተ፤ በኋላ ታላቁን፣ ሚልስ ኤንድ ቡንን፣ ገዛው። ባለቤቱ ተቀየረ፣ ሠርጉ ግን አልተቀየረም።

እኛ ጋ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» ይባላል። ይህን ተረት እወደዋለሁ። አያቴ ሠርግ ቤት ሳይቀር ይተርቱት ነበር፤ ሙሽራው ፊት! ልቦለዳችንም ይህንኑ የሰማ ይመስላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ርዕሱ ላይ አልዋሸንም፤ መቃብር አለ፣ መቃብር አደረሰን። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ እንባውን ጠረገ። የሚገርመው አጀማመራችን እንዲህ አልነበረም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ የታተመው በዚያችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። የሚያልቀውም በጋብቻ ነው። ባንድ ዓመት ተነሣን፤ እነሱ ሠርጉ ላይ ቀሩ፣ እኛ ወደ ቀብር ሄድን።

ኧረ እኔን ያናደደኝ መጨረሻው አይደለም። ከተማዋ ናት። እዚያ ሐሜት እንኳ ይጣፍጣል። ዳቦ ቤት ያለችው ባልቴት «ትናንት ማታ መኪናው ደጅሽ ቆሞ ነበር» ትልና ትስቃለች፤ ከዚያ ኬክ ትጠቀልልላታለች። ኬክ! እኔም ያደግሁት ትንሽ ከተማ ነው። ኬክ የጠቀለለልኝ የለም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ለአንዲት ልጅ ደብዳቤ ጽፌ በባለሱቁ በኩል ላክሁላት። ባለሱቁ ከፈተው። እሺ፣ ይክፈተው። አነበበው። እሺ። ግን በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል? «ጸሐይዬ» ያልሁትን ሰርዞ፣ ኅዳጉ ላይ «በፀሐዩ ፀ ነው እንጂ በጸሎቱ ጸ አይደለም» ብሎ ጻፈበት። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሁሉ አየው። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ሰምታ ጠበቀችኝ። ያሳፈራት ደግሞ ፍቅሩ አይደለም፣ ፊደሉ ነው! ያንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። እርማቱ ልክ መሆኑ ይበልጥ ያንገበግበኛል።

ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ያደገች ናት። «ቢሆንም ደስ ይላል» አለችኝ። «አንድ ሰው ሲታመም ሾርባ ይዘው ይመጣሉ።»

እኛም ከተማ ይመጣሉ። ሾርባውን አስቀምጠው የአልጋ ልብሱን ያያሉ። ስንት ጊዜ እንዳልታጠበ በማግስቱ ገበያው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ከተማ በመጽሐፍ የሚገዛው ያልኖረበት ሰው ነው ባይ ነኝ። የሮቢን ካር «ቨርጂን ሪቨር» የሚባለው የትንሽ ከተማ ልቦለድ ታሪኩ ሰሜን ካሊፎርኒያ ነው። ኔትፍሊክስ ሊቀርጸው ሲፈልግ ግን ካናዳ ሄደ። ከተማዋ ራሷ እንኳ ከተማዋ ውስጥ አልተገኘችም!

ቧንቧው። አዎ፣ ቧንቧው።

ልፈታው ተነሣሁ። ካቻቢቴ የለንም። ከጎረቤት ልዋስ ወጣሁ። በሩ ጋ ደርሼ እጄን አነሣሁ፣ መልሼ አወረድሁ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባን አራት ዓመታችን ነው። የሰውዬውን ስም አላውቀውም። አቶ ማን ልበለው? ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

«ስሚ፣ የፊት ለፊታችን ሰውዬ ስሙ ማነው?»

ከስልኳ ቀና ሳትል «ባክስተር» አለችኝ።

የአናጢው ውሻ ነው።