ሂሳቡን ከፋይ፣ ሸንጎው ላይ ቀሪ

የሜሪላንድ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ነገር አይጥማችሁም።

አክስቴ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና እየቆላች ሳለ በሩ ተንኳኳ። ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ታብሌት የያዘ ሰውዬ ነው። የመብራት ዋጋ ሊያስቀንስላት እንደመጣ ነገራትና የወሩን ሂሳብ እንድታሳየው ጠየቃት። እንግዳ ነውና አስገባችው፤ ወረቀቱንም ሰጠችው፤ አቦሉንም ቀዳችለት። እሱ የፈለገው ወረቀቱ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ነበር፤ ኃይል አቅራቢዋን በሌላ ኩባንያ ለመቀየር። ከወራት በኋላ ሂሳቡን ስናየው፣ ኃይል አቅራቢ በሚለው መስመር የማናውቀው ኩባንያ ገብቶ ዋጋው ወደ እጥፍ ተጠግቷል። «ተለዋዋጭ ዋጋ» ይሉታል። ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲለዋወጥ ግን አላየሁም።

አክስቴን ለማሳጣት አይደለም። በስንቶቻችሁ ቤት ይኸው ደርሷል! በየለቅሶው፣ በየክርስትናው «መብራቱ ጨረሰን» ትላላችሁ፤ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወጥ ይጨመራል። ይህንኑ ብሶት ሌሎች ሰዎች ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ወሰዱት። በግዛቱ ምክር ቤት ፊት እየቀረቡ ተናገሩ፤ በ2024 ሕግ ሆኖ ወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አሁን እንደዚያ ያለ ሻጭ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቤት ደንበኛ ውል ከ12 ወር አያልፍም፤ ዋጋውም ገደብ ተበጅቶለታል። እንደ አክስቴ ያሉትን የሚጠብቅ ሕግ ሲረቀቅ እኛ የት ነበርን?

«ሁለት ሥራ እየሠራሁ በየት ጊዜዬ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የጋሬት ካውንቲ ሰዎችን ተመልከቱ። ከምዕራቡ ተራራ አናፖሊስ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይነዳሉ። ውሃና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ወደ አለት እየረጩ ጋዝ የማውጣቱ ሥራ ጉድጓዳቸውንና ጅረታቸውን እንዳይበክል ሰግተው ለዓመታት ተመላለሱ። መጀመሪያ ላይ ሥራውን ይደግፉ የነበሩት የያኔው አገረ ገዢ ላሪ ሆጋን በ2017 የእገዳውን ሕግ ፈረሙ። ለእኛ አናፖሊስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለሠርግ ከዚያ የራቀ ስንነዳ ማንም አያማርርም።

በውሃው ነገርማ ይብሳል። ከቦኖ ጄሪካን አሰልፈን ያደግን ሰዎች ነን፤ የውሃን ክብር እኛ ካላወቅን ማን ሊያውቅ ነው? ባለፈው በመኖሪያችን መኪና ማቆሚያ አንድ ወንድማችን የሞተር ዘይት ሲቀይር አየሁት። ጥቁሩን ዘይት ሰብስቦ የዝናብ ውሃ መውረጃው ፍርግርግ ውስጥ ደፋው። ያ ቦይ ወደ ማጣሪያ አይሄድም። በቀጥታ ወደ ስላይጎ ጅረት ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ፣ ከዚያ ወደ ፖቶማክ፣ በመጨረሻም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ። የወጡን ቅባት በዕቃ ማጠቢያው የምታፈሱትም አትሳቁ፤ እሱ ደግሞ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ፍሳሹን ወደ መንገድ ይመልሰዋል።

ለዚያ ባሕር እኮ ከፋዮቹ እናንተው ናችሁ። በውሃ ሂሳባችሁ ላይ በየሦስት ወሩ 15 ዶላር ትከፍላላችሁ። ሰዉ «የሽንት ቤት ግብር» እያለ የሚቀልድበት ነው፤ በ2004 ተጀምሮ በ2012 እጥፍ ሆነ፤ የግዛቱን 67 ትልልቅ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ለማሻሻል ታስቦ የወጣ ነው። በገንዘባችሁ የሚጸዳውን ውሃ በዘይታችሁ ታበላሻላችሁ፤ ገንዘቡ የት እንደደረሰም አትጠይቁም።

እንግሊዝኛችን አይበቃም የምትሉ፣ ለምክር ቤቱ ቃላችሁን በጽሑፍ ማቅረብ ይቻላል። ቃል ለመስጠት ዜግነት አይጠየቅም። ከ1924 ጀምሮ የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎችን በሚቆጣጠረው የግዛቱ ኮሚሽን ፊት ለቤት ደንበኞች የሚሟገት የሕዝብ ጠበቃ ጽሕፈት ቤትም አለ፤ ስልኩን ስንቶቻችሁ ይዛችኋል? እኔም እስከ ዓምና ድረስ አልያዝኩትም ነበር፤ አፌን ሞልቼ ስገሥጻችሁ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ምክር ቤቱ የሚከፈተው ጃንዋሪ በገባ በሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ የገና ዶሮ ወጥ ገና ከማቀዝቀዣ ሳይወጣ ማለት ነው። 90 ቀን ይቀመጣል። የመብራት ጉዳይ የሚሰማበት ቀን ሲታወቅ እሄዳለሁ። የመኪናዬን የፊተኛውን ወንበር አክስቴ ይዛዋለች፤ የድሮውን ሂሳብ በፌስታል ጠቅልላ አዘጋጅታለች። ከኋላ ሦስት ሰው ይበቃል።